ግልገል ያልነበረችው ፌንጣ

በ1992 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሳለን ለባዮሎጂ ላብ ነፍሳት ሰብስቡ ተብለን እንደነበር የእኛ ባች ልጆች አትረሱትም። ሃያ ነፍሳት በመርፌ ተወግተው፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ተደርድረው፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር ስማቸው በትንሽ ወረቀት ይጻፋል። ሌላው ቢራቢሮ ሲያባርር እኔና የዶርም ጓደኛዬ ከግቢው ጀርባ ባለው ወንዝ ዳር ጭቃ ስናቦካ ዋልን። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ መልኳ ከጭቃው የማይለይ ፌንጣ የያዝኩት እዚያ ነው። መለያ ወረቀቷ ላይ “የፌንጣ ግልገል” ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ናታ! ትንሽ ፌንጣ ግልገል ካልሆነች ምን ልትሆን ነው? ሙሉ ማርክ አገኘሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከልጄ ጋር ወንዝ ዳር ስንሄድ ልክ እንደዚያችው ያለች ፌንጣ አየን። ልጄ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ ተነሥታ በረረች። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የፌንጣ ግልገል አይበርም እኮ! የሚበርበት ክንፍ የሚኖረው ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ጥሎ አዋቂ ከሆነ በኋላ ነው። ማታ ቤት ገብቼ የድሮ የላብ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። በእርሳስ የሣልኳት ፌንጣ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ የሚደርስ ሹል ጋሻ ጀርባዋ ላይ ተጭኗል፤ ከጋሻው ጫፍ ደግሞ ክንፏ ብቅ ብሏል። ዓይኔ አይቶ፣ እጄ ሥሎ፣ ጭንቅላቴ ግን “ግልገል” ብሎ ጽፏል። ይቺ ፌንጣ ያደገች፣ የበቃች ድንክ ፌንጣ ነበረች። የመጽሔቱ አዘጋጆች “ከሙያሽ ጋር የተያያዘ ታሪክ ጻፊ” ሲሉኝ ስለ እሷ ለመጻፍ ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሞች ስለሚበዙበት ከሙያዬ ብዙም አልወጣሁም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድንክ ፌንጣዎች አስተኔ በሳይንስ ስሙ ቴትሪጊዴ ይባላል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ እርጥብ ቦታ፣ ወንዝና ምንጭ ዳር የሚኖሩ፣ አልጌና ሽበት የሚበሉ ናቸው። የማንንም ሰብል አይነኩም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ማንም የማያውቃቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው ጋሻ ከደረታቸው የመጀመሪያው ክፍል ተነሥቶ ወደ ኋላ የተዘረጋ ነው። የተለመደው ፌንጣ ሆዱ ጎን ላይ ጆሮ ሲኖረው እነሱ የላቸውም። የፊትና የመካከል እግሮቻቸው መዳፍ ሁለት ሁለት አንጓ ነው፤ የሌላው ፌንጣ ሦስት ሦስት።

የስማቸው ታሪክ የሚጀምረው ከሐኪም ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 በኔዘርላንድ በሕክምና የዶክትሬት ማዕረግ የተቀበለ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሕሙማን ያከመ፣ በኋላም በኡፕሳላ የሕክምና ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው። በ1758 ባሳተመው የ“ሲስተማ ናቱሬ” አሥረኛ እትም ላይ ፌንጣውን፣ አንበጣውን፣ ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን ፌንጣና ማንቲስን ሁሉ “ግሪሉስ” በሚል አንድ ወገን ውስጥ ከተታቸው። ሁለት ድንክ ፌንጣዎችም በዚያው ሥር “ቡላ” የሚባል ንዑስ ክፍል ደረሳቸው። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጭፍራ የተቀመጠው ከጢንዚዛዎች ጋር ነው! በ12ኛው እትም ደግሞ ከዚያ አንሥቶ ወደ ሌላ ክፍል አዛወራቸው። ይኸው ሰው በ1763 በሽታዎችንም በምልክታቸው እየለየ በመደብና በወገን የከፈለበትን መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ ሐኪሞች ሊኔየስን የዕፅዋት ሰው አድርገን ነው የምናውቀው፤ በሽታና ፌንጣ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደከፈለ ግን ማንም አልነገረንም። መንገዱ ያው ነው፤ በውጭ የሚታየውን ማየት።

ቀጥሎ የመጡት ፈረንሣዮች ናቸው። ሕክምና ያጠናው ኦሊቪዬ በ1789 ለፌንጣዎቹ ክፍለ መደብ “ኦርቶፕቴራ”፣ ማለትም ቀጥ ያለ ክንፍ፣ የሚል ስም አወጣ። ያው “ኦርቶ” ነው ኦርቶፔዲክስ ውስጥ ያለው። በ1802 ላትሬይ “ቴትሪክስ” የሚለውን የወገን ስም ሰጠ። ላትሬይ ቄስ ነበር፤ በአብዮቱ ዘመን ታስሮ ሳለ እስር ቤት ውስጥ ያገኘው ጢንዚዛ እስረኞችን ሊጎበኝ በመጣ ሐኪም በኩል ለተፈጥሮ አጥኚዎች ደርሶ ነፍሱን አተረፈለት ይባላል። በ1838 ራምቡር የአስተኔውን ስም አቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የሁለት ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው የማድሪዱ ኢግናሲዮ ቦሊቫር ሲሆን በ1887 በዓለም ላይ የሚታወቁትን ድንክ ፌንጣዎች ባንድ ላይ የመረመረ ጥናት አወጣ። ይህ ሰው የአገሩን የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ለዓመታት መርቶ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1939 ሲያበቃ ዕድሜው ዘጠና ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ወደ ሜክሲኮ ተሰደደ፤ በ1944 እዚያው ሞተ። ስደት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች፣ በዚያ ዕድሜ የነፍሳት ሣጥኖቹን ትቶ መርከብ መሳፈሩን ማሰብ ከባድ ነው። ሁለተኛው ጆሴፍ ሌን ሃንኮክ ነው። የቺካጎ ሰው ነው፤ ሐኪም ነው። በ1902 የሰሜን አሜሪካን ድንክ ፌንጣዎች የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1907 ደግሞ የዓለሙን። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ የአስተኔውን ስም ሲጽፉ አንዷን “ር” ትተዋታል። ያቺ ፊደል ስትወድቅ ስሙ ከሌላ የፌንጣ አስተኔ ስም ጋር ይቀራረባል። የሐኪም ጽሑፍ ለማንበብ ፋርማሲ ቆማችሁ የምትቸገሩ ወዳጆቻችን ነገሩ ይገባችኋል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ትልቅ ነው፤ ችግሩ ግን የሚለዩበት ነገር የሚያታልል መሆኑ ነበር። ከአንዲት እናት የተወለዱ ድንክ ፌንጣዎች አንዱ ጋሻው ረጅም፣ ክንፉ ረጅም ሆኖ ይበራል፤ ሌላው ጋሻው አጭር ሆኖ መብረር አይችልም። ቀለማቸውማ አይነሣ፤ ነጭ መስመር ያለው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ ቡናማ፣ ግራጫ። በመርፌ የተወጋ አንድ ናሙና ይዞ ጠረጴዛ ላይ ለሚፈርድ ሰው እነዚህን የተለያዩ ዝርያዎች አድርጎ መመዝገብ ቀላል ነው። ሮበርት ናቦርስ የሚባል የካንዛስ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪ መርፌውን ትቶ ፌንጣዎቹን ማርባት ጀመረ። ከ1914 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች፣ የቀለም ልዩነታቸው ሜንዴል በአተር ላይ ባሳየው ሕግ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን በማዳቀል አረጋገጠ። መልካቸው የተለያየ፣ ዘራቸው አንድ። ለዓመታት ያንን ጭቃ ወዳድ ፍጥረት ትውልድ በትውልድ እየቆጠረ ኖረ።

ይህ ለእኛ አገር ሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከሩሲያ ወጥቶ ለንደን ይሠራ የነበረው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 ስለ አንበጣ ያሳየው ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ብቻውን የሚኖረውና በመንጋ የሚነሣው አንበጣ ሁለት ዝርያ ናቸው ሲባል ኖሮ፣ አንድ ዝርያ ሆነው ሲበዙና ሲቀራረቡ መልካቸውም ጠባያቸውም እንደሚለወጥ አስረዳ። ለአንበጣ መከላከል የዚህ ትርጉሙ ቀላል አልነበረም፤ መንጋው ከሰማይ ሲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ በረሃ ውስጥ ብቻውን ያለውን መከታተል ይቻላል ማለት ነው። በ2019 እና በ2020 በአገራችን የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ገበሬው ኩብኩባው የአንበጣው ልጅ መሆኑን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር፤ ስሙ ሁለት፣ ነገሩ አንድ እንደሆነ ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም።

ሌላው ስሕተት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማለት። ለድንክ ፌንጣዎች በዝምድና ቅርብ ከሆኑት ውስጥ ውኃ ዳር አሸዋ የሚቆፍሩ፣ እነሱም ድንክ የሆኑ ነፍሳት አሉ፤ ትሪዳክቲሊዴ ይባላሉ። የፊት እግራቸው እንደ አካፋ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ እግሩ እንዲሁ አካፋ የሆነ፣ አንቴናው ረጅም ከሆኑት ወገን የሚመደብ ሌላ ቆፋሪ ፌንጣ ስላለ፣ ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ባንድ ጎጆ ኖሩ። እግሩን ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል! በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ሼል አንደር የውስጥ አካላቸውንም ጭምር መርምሮ ለያቸው። ትንሾቹ ቆፋሪዎች አንቴናቸው አጭር ከሆኑት፣ ከድንክ ፌንጣዎችና ከአንበጣ ጎን ገቡ። አካፋውን ሁለቱም ያገኙት ከጋራ አያት ሳይሆን ከአፈሩ ነው፤ ሥራው አንድ ስለሆነ መሣሪያውም ተመሳሰለ።

እዚህ ላይ የራሴን ካልተናገርኩ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ደጋ ላይ በሚገኝ ጤና ተቋም ሳለሁ አንዲት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ እናት መጡ። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳቸው እንደ ድንጋይ ሸክሯል። ሦስት ሰዓት በባዶ እግር ተጉዘው ነው የደረሱት። ካርዳቸው ላይ “ፊላሪያ” ብዬ ጻፍኩ። የሌሊት የደም ምርመራ አላዘዝኩም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል እግራቸውን ቁርጥ አድርጎ ይመስል ነበር። ኪኒን ሰጠሁ። ተመልሰው መጡ፤ ደግሜ ሰጠሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣

“ልጄ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩት፤ እግሬ ግን እንዳለ ነው” አሉኝ።

አብረውኝ የሚሠሩት፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ሲስተር ሴትየዋ እስኪወጡ ጠብቀው፣ “ዶክተር፣ እዚህ ብርድ ላይ ወባ እንኳ የለም፤ ያንቺ ትንኝ ከየት መጣች? ይሄ የአፈሩ ነው” አሉኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

ሲስተር ልክ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠሩ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በተፈጠረ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱ ደገኞችን የሚይዘው የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን አሳይተዋል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ብለው የሰየሙትም እሳቸው ናቸው። ከአፈሩ የሚወጡት ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። ትል የለም፤ ትንኝ የለም። መድኃኒቱ ውኃና ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ጫማ ነው። እኔ ግን አካፋውን አይቼ ፈርጄ ነበር። እኚያ እናት ጫማ አድርገው፣ እግራቸውን በየቀኑ ታጥበው ከወራት በኋላ ሲመጡ እብጠቱ ቀንሶ ነበር። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ “ታዲያ ያ ሁሉ ኪኒን ለምን ነበር ልጄ?” የመለስኩላቸውን አላስታውስም። ሦስቴ ደርሶ መልስ በዚያ እግር የተጓዙት በእኔ አንድ ቃል ምክንያት መሆኑን ግን አስታውሳለሁ።

ወደ ፌንጣዎቹ ስመለስ፣ በ2015 ሆጁን ሶንግና ባልደረቦቹ በዲኤንኤ ተመርተው የኦርቶፕቴራን ዘር ሐረግ ባወጡ ጊዜ አንደር በዓይኑና በቢላዋው የደረሰበት ነገር ጸንቶ ተገኘ። አንቴናቸው አጭር ከሆኑት ውስጥ መጀመሪያ የተገነጠሉት ትንሾቹ ቆፋሪዎች ናቸው፤ ቀጥለው ድንክ ፌንጣዎች፤ ሌሎቹ ፌንጣዎችና አንበጣ ከዚያ በኋላ። ያቺ የጥፍር ታህል ፌንጣ እንግዲህ የአንበጣ ግልገል መሆኗ ቀርቶ፣ ከአንበጣ መስመር እጅግ ቀድሞ የተለየ የራሱ ጥንታዊ ቤት ልጅ ሆነች።

ከኢትዮጵያ ተራሮች በ1926 እና 1927 ሂው ስኮት የሰበሰባቸውን ፌንጣዎች ኡቫሮቭ መርምሮ በ1934 አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ወንዞቻችን ዳር ስንት ዓይነት ድንክ ፌንጣ እንዳለ የሚቆጥር የማስተርስ ተማሪ ብታገኙ፣ የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ ማጉያ መነጽሩን እኔ እገዛለሁ፤ ጭቃውንም አብሬ እረግጣለሁ። ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ያን ጊዜ የተሻሉት ስብስቦች ላብ ውስጥ ይቀመጣሉ ተብሎ የእኔም ካርቶን ቀርቶ ነበር። ምናልባት ምስጥ ካልበላው ከመደርደሪያው በላይ ይሆናል። ብታገኙት፣ አሥራ አራተኛዋን ነፍሳት እዩልኝና “ግልገል” የሚለውን ሰርዛችሁ “ቴትሪጊዴ፣ አዋቂ” ብላችሁ ጻፉልኝ።