መርከቡን ማን አቃጠለው?

ትናንት ማታ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ መርከቤን አቃጠልኩ!» ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራውን ለቆ፣ የእናቱን የእቁብ ብር ጨምሮ፣ ንግድ ውስጥ ሊገባ ነው። አባባሉን ከአነቃቂ ንግግር ነው የወሰደው፦ ኮርቴስ ሜክሲኮ ሲደርስ መርከቦቹን አቃጠለ፣ መመለሻ ስላልነበረው አሸነፈ የሚለውን። ስሙን አልጠራም፣ ግን ታሪኩን ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

ኮርቴስ መርከብ አላቃጠለም።

በ1519 እ.ኤ.አ. 11 መርከብና 500 ገደማ ወታደር ይዞ የሜክሲኮ ጠረፍ ላይ ወረደ። ጉዞውን ሊያስቀርበት የፈለገውን የኩባ ገዥ ዲዬጎ ቬላስኬዝን ጥሶ የወጣ ሰው ነው። ከወታደሮቹ መሀል ግን የገዥው ወዳጆች ነበሩና መርከብ ሰርቀው ወደ ኩባ ሊመለሱ ሲዶልቱ ተያዙ። ሁለቱን ሰቀላቸው። ከዚያ «እንጨቱን ትል በልቶታል» በሚል ሰበብ መርከቦቹን ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። እሳት የሚባል ነገር የለም! ሸራው፣ ገመዱ፣ ብረታ ብረቱ ተፈቶ ወደ የብስ ወጣ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዷን መርከብ ወርቅ አስጭኖ ወደ ስፔን ንጉሥ ልኳል። መንገድ የተዘጋው በወታደሮቹ ላይ ነው፤ እሱ የራሱን በር ወደ ንጉሡ ከፍቶ ነበር። ያ የተፈታ ዕቃም አልባከነም፤ በ1521 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን በሐይቁ በኩል ለመክበብ የተሠሩት 13 ጀልባዎች ላይ ዋለ።

በእውነት ያቃጠለ ሰው ከፈለጋችሁ አጋቶክለስ አለ፣ የሲሲሊዋ የሰራኩስ ገዥ። ከተማው በካርታጎ ሰዎች ስትከበብ እሱ ሾልኮ ወጣና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ310 አፍሪካ ላይ አረፈ። መርከቦቹን ለአማልክት ተስያለሁ ብሎ በእሳት አጋየ። (ለጥበቃ የሚተወው ሰውም አልነበረውም።) ለጊዜው ቀናው። ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ግን በድብቅ መርከብ ተሳፍሮ ሲሲሊ ገባ፣ ሠራዊቱን እዚያው ጥሎ። ወታደሮቹ ተናደው ሁለት ልጆቹን ገደሉበት።

ቻይኖችም «ድስቱን ሰብሮ ጀልባውን ማስጠም» ይላሉ። ሺያንግ ዩ የሚባል የጦር መሪ የሦስት ቀን ስንቅ ብቻ ይዞ ወንዝ ተሻግሮ አድርጎታል፣ እሱስ አሸንፏል።

የኛ ሰው ደግሞ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሙገሳ አይደለም።

ለልጁ ይሄን ሁሉ ጽፌለት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ እናትህ እቁቡ ለምን እንደተፈለገ ያውቃሉ? አይቶታል፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።