የፖፑ አፍና የጋዜጣው ብዕር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱ ዶፉን ሲያወርድ ጣሊያን አገር ፀሐዩ ያነዳል፤ ፖፕ ፒዮስ 11ኛም የሮምን ሙቀት ሸሽተው ካስቴል ጋንዶልፎ ወጥተዋል። ሽማግሌ ናቸው፣ 78 ዓመታቸው። በጎልማሳነታቸው የአልፕስን ተራሮች የቧጠጡ፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ ሰው። የአበሻ ነገርም እንግዳቸው አይደለም፤ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ለኢትዮጵያ ደቀ መዛሙርት ኮሌጅ ያሠሩት እርሳቸው ናቸው።

የሙሶሊኒ መርከቦች በስዊዝ በኩል ወታደርና ጥይት ወደ ምጽዋ ሲያጓጉዙ ወራት አልፏል። በዚያን ዕለት ታዲያ ከየአገሩ የመጡ ካቶሊክ ነርሶች ሊባረኩ ቀረቡ። ለነርስ ምን ይነገራል? ስለ ሕሙማን፣ ስለ ርኅራኄ። ፖፑ ግን ሳይታሰብ የኢትዮጵያን ነገር አነሡ፤ አገር ለመውሰድ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ግፍ ነው፣ ለማሰብ እንኳ የሚከብድ ነው አሉ።

የቫቲካን ሹማምንት ክው አሉ! በ1921 ዓ.ም. ከሙሶሊኒ ጋር የተፈረመ የላተራን ውል አለ። አንቀጽ 24 ቫቲካን በመንግሥታት ጠብ እንዳትገባ ያስራታል፤ ተጣዮቹ በአንድነት ካልለመኗት በቀር። ግን ልብ በሉ፣ ያው አንቀጽ መንፈሳዊ ሥልጣኗን ተጠቅማ የመናገር መብቷን አስቀርቶላታል። እጅን እንጂ አፍን አላሰረም።

አፉን ያሰሩት የገዛ ቤታቸው ሰዎች ናቸው። ንግግሩ በቫቲካኑ ጋዜጣ በኦሴርቫቶሬ ሮማኖ ላይ ሲወጣ ያ ቁጣ በ«ቢሆን» እና በ«ይባላል» ተለጉሞ ነበር። ወረራ ነው የሚሉት ውጭ ያሉት ናቸው፤ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ድንበር ለማስከበርና ለሚበዛው ሕዝብ ቦታ ለማግኘት ነው ይባላል፤ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ራስን መከላከልም ልክ አለው፤ ወዘተ። ሮምም አዲስ አበባም የየራሳቸውን ትርጉም መምዘዝ ይችላሉ። ገለልተኝነት ማለት ይኸው ሆነ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ጥቅምት ላይ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው፣ ወታደሩ ለኢትዮጵያ የካቶሊክን እምነትና የሮማን ሥልጣኔ በር ይከፍታል ብለው ሰበኩ። ታኅሣሥ ላይ ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ለጦርነቱ ሲለግስ፣ ጳጳሳትም የወርቅ መስቀላቸውን አወለቁ። እነዚህም ገለልተኛ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ አንቀጽ 24ን የጠቀሰባቸው ግን የለም።

ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ሳምንት ሲሞላው፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ፖፑ ቫቲካን ውስጥ የካቶሊክ ጋዜጦችን ዓውደ ርእይ መረቁ። በንግግራቸውም የአንድ ታላቅና ደግ ሕዝብ የድል ደስታ ከዚህ በዓል ጋር መግጠሙን በይፋ አነሡ። ይህኛውንስ ማን ያለዝበው?