ሀዋሳ በስንት ዓይነት ፊደል ትጻፋለች?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ከሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው፣ የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫነትም ከይርጋለም የተረከበችው ከተማ፣ ስሟ በወረቀት ላይ ረግቶ አያውቅም። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሰነዶች ላይ «አዋሳ» ነች። ዛሬ በታፔላው፣ በደረሰኙና በማመልከቻው ላይ «ሀዋሳ»፣ «ሃዋሳ»፣ «ሐዋሳ» እየተባለች ትጻፋለች። ፊደላችን ለመጀመሪያው ድምፅ ስድስት ምልክት አለው፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ለመጨረሻው ደግሞ ሁለት፦ ሳ እና ሣ። ስለዚህ አንባቢው ሳይደናገር የከተማዋን ስም በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ «አዋሳ»ን ስንጨምር 13 ይሆናል።

ለአንባቢ ይህ ችግር አይደለም። ለኮምፒዩተር ግን 13 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፕሮግራሙ ፊደላቱን እንዲያመሳስል ካልተነገረው በቀር በ«ሀ» የፈለገ ሰው በ«ሐ» የተጻፈውን አያገኝም። የፊደል ግድፈት ማረሚያ ለአማርኛ ለምን እንደዘገየ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን የሚታየው ነገር ሁሌም አንድ ነው። አማርኛው ተጽፎ ሲያልቅ ገጹ ከላይ እስከ ታች በቀይ የተጠማዘዘ መስመር ይሞላል። ትክክለኛው ቃልም፣ የተሳሳተውም እኩል ይሰመርበታል። ጸሐፊዋ መጀመሪያ የምታደርገው መስመሩን ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ስሕተት የሚለቅመው የተማሪው ዓይን ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይም።

የቀዩ መስመር ታሪክ ከስድሳ ዓመት በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ፍሬድሪክ ዳመራው የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ስሕተት ከአራት ዓይነት አንዱ መሆኑን አሳየ፤ አንድ ፊደል መጨመር፣ አንድ ፊደል መጉደል፣ አንዱ በሌላው መተካት፣ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ መለዋወጥ። እ.ኤ.አ. በ1971 ራልፍ ጎሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ማረሚያ እነዚህኑ መንገዶች እየሞከረ ለተሳሳተው ቃል አማራጭ ያቀርብ ነበር። ከበስተጀርባው የቃላት ዝርዝር አለ፤ በዝርዝሩ የሌለ ቃል ይጠረጠራል።

የእኛ ስሕተት ግን የራሱ ጠባይ አለው። የፊደሉን ድምፅ በሚከተለው የግዕዝ ኪቦርድ «ሰ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ ተነባቢው ይመታል፤ ሳድሱ «ስ» ይወጣል። አናባቢው ሲከተል ነው ወደ «ሰ» የሚለወጠው። ጣት ከፈጠነና አናባቢው ከቀረ «ሰላም» የነበረው «ስላም» ሆኖ ይቀራል። በቴሌግራም የምንለዋወጠውን መልእክት ልብ ብሎ ላየ፣ ያለቦታው የገባው ሳድስ የት የለም! ይህን ስሕተት የሚያውቅ ማረሚያ በእንግሊዝኛ ተሞክሮ ብቻ ሊሠራ አይችልም።

መጀመሪያ ነገር ኮምፒዩተሩ የተጻፈው አማርኛ መሆኑን ማወቅ ነበረበት። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስታረቅ ደክመዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በቢሮዎቻችን የሠራንባቸው የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ዓይናችን «ሰላም» ያያል፤ ማሽኑ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ነው የያዘው። ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር በፍላሽ የተወሰደ ደብዳቤ ሲከፈት የሚታየው ትርምስ ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ማረሚያ ገጹን በሙሉ በቀይ ቢያሰምርበት አይፈረድበትም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ከተባለው ፎንት ጋር መጣ። ከዚህ በኋላ «ፊደሉ አይታወቅም» የሚለው ምክንያት ቀረ።

የቀረው ትልቁ ጥያቄ ነው፦ ትክክሉ የቱ ነው?

በዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ። አለቃ በ1936 ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ም በ1962 አወጡ። ርእሱን ልብ ይሏል፤ «አዲስ» ሳይሆን «ዐዲስ» ነው። ለእነዚህ ሊቃውንት የፊደል ምርጫ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። በግዕዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ። ፊደሉ ከተፋለሰ ትርጉሙ ይፋለሳል፤ የቃሉ ሥርም ይጠፋል።

ሌላው ወገንም ምክንያት አላጣም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ወዳጆች ማኅበር «ፊደልን ማሻሻል» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ የፊደሉን ብዛት ስለመቀነስ ሐሳቦች ቀርበዋል። ከዚያም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1970ዎቹ ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበ። ድምፁ በአማርኛ አንድ ከሆነ ልጆችን በሦስት ዓይነት «ሀ» ለምን እናስጨንቃለን ነው ነገሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ፍርድ አላገኘም። መጽሐፉም፣ ጋዜጣውም፣ ትምህርት ቤቱም በየፊናው ይጽፋል።

እኔ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ወገን አደላለሁ። ሆኖም ማረሚያው ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በጋዜጦቻችን ዝግጅት ክፍል አራሚ የሚባል ባለሙያ አለ። አራሚው የሊቃውንቱን ክርክር አይፈታም፤ ሥራው በመጀመሪያው አንቀጽ «ሐሳብ» የተባለው በሦስተኛው «ሃሳብ» እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ኮምፒዩተሩም ከዚህ ቢጀምር ብዙ ይጠቅመናል። ጸሐፊው የመረጠውን የአጻጻፍ መንገድ ይወቅለት፤ ከዚያ ሲወጣ ያስታውሰው። በፍለጋ ጊዜ ግን 12ቱንም ሀዋሳዎች እንደ አንድ ይቁጠር።

ሁለተኛው ጋሬጣ እርባታው ነው። «እንዳልነገርኳችሁ» ስንል በአንድ ቃል ውስጥ «እንደ»፣ አሉታው «አል»፣ ግሡ፣ ተናጋሪውና አድማጮቹ አሉ። ከአንድ ግሥ የሚወጣው ቅርጽ በሺዎች ስለሚቆጠር ሁሉንም በዝርዝር ጽፎ መጨረስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ያቀረበው ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃል ወደ ሥሩና ወደ ቅጥያዎቹ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አንዳርጋቸው መኮንን ገዝሙ፣ አንድሬያስ ኑርንበርገርና ቢኒያም ኤፍሬም ስዩም የአማርኛ የፊደል ግድፈት ማረሚያ ጥናታቸውን በጃፓኗ ሚያዛኪ ጉባኤ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ያዘጋጁት የዘመናዊ አማርኛ የጽሑፍ ክምችት ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጉ ቃላት ይዟል። ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። በጽሕፈት ቤቶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን አሁንም የምናየው ያንኑ ቀይ መስመር ነው።

የሀዋሳ ነገር በአማርኛ ብቻ አያበቃም። ሰዎቿ በአንድ ስልክ በሁለት ፊደል ይጽፋሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሲዳማ ሕዝብ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ላቲን ዞረ፤ በ2012 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆነ። እንግዲህ ሲዳሙ አፎ ረጅሙን አናባቢም ሆነ የሚጠብቀውን ተነባቢ የሚጽፈው ፊደሉን በመደጋገም ነው። የከተማዋን ስም እንኳ ብናይ፣ እንግሊዝኛው «ኤስ»ን ይደግማል፤ ሲዳሙ አፎ መካከለኛዋን «ኤ» ይደግማል። ስልኩ በእንግሊዝኛ ማረሚያ ላይ ከተተወ የተደገመውን አናባቢ እንደ ጣት ስሕተት ቆጥሮ ቃሉን ወደሚያውቀው እንግሊዝኛ ይለውጠዋል። የአማርኛ ጸሐፊ ማረሚያ አጣ እንላለን፤ የሲዳሙ አፎ ጸሐፊ ግን ትክክሉን የሚያበላሽ አራሚ ነው የተመደበለት። ይህ ይበልጥ ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የአማርኛው ዓይነት የሞክሼ ፊደል ክርክር የለም። መነሻውም አለ፤ አርሚዶ ጋስፓሪኒ እ.ኤ.አ. በ1983 በጣሊያን ያሳተሙት የሲዳምኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ካዙሂሮ ካዋቺ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት የጻፉት ሰፊ የሰዋስው ጥናት ይገኛሉ።

የሌላ አገር ልምድ የሚያበረታታ ነው። ሃንጋሪኛም እንደ እኛ ቋንቋዎች በቅጥያ የበለጸገ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የተሠራው ማረሚያ አልሆነውም። ላስሎ ኔሜት የተባለ ሃንጋሪያዊ ለቋንቋው ብሎ ሀንስፔልን ሠራ። ዛሬ ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሊብሬኦፊስ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ ለማንም ሰው ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። አንድን ቋንቋ ለማስገባት የሚጠይቀው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ የቃላት ዝርዝር፣ ሌላው የእርባታ ሕግ። ለአማርኛው ሕጉ ከባድ ነው፤ ግሡ ከውስጥም ስለሚለዋወጥ እንደ ሆርንሞርፎ ያለ ድጋፍ ያሻዋል። ለሲዳሙ አፎ ግን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የኮምፒዩተር ሰዎች ከመምህራን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚጀምሩት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ከአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ሊለቀም ይችላል፤ በእነርሱ ውስጥ ያሉት ቃላት አስቀድመው በአርታዒ እጅ ያለፉ ናቸው።