መረብ ያላወጣው የባሕር ፍጥረት



የሰው ልጅ ስለ ጥልቅ ባሕር ያለው ዕውቀት ለረጅም ዘመን የተወሰነው መረብ ባወጣለት መጠን ነበር። መረብ ያወጣው በመዝገብ ገባ፤ መረብ ያልያዘው ግን እንደሌለ ተቈጠረ። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህ ጉድለት እንዴት እንደ ታረመ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ድረስ በውቅያኖሶች እየተዘዋወረች ጥልቁን መረመረች። የምርመራዋም ውጤት 50 ቅጽ መጻሕፍት ሆኖ ታተመ። ነገር ግን ከባሕሩ ወለልም ከገጹም ርቀው የሚንሳፈፉ፤ አጥንትም ቅርፊትም የሌላቸው፤ ሰውነታቸው አብዛኛው ውሃ ሆኖ እንደ ተልባ ልጋግ የላላ እንስሳት አሉ። በጥልቁ ውስጥ ማዕበል ስለማይደርስባቸው ጽኑ አካል አያስፈልጋቸውም። መረብ በነካቸው ጊዜ ግን ይበጣጠሳሉ። በፎርማሊን ሲነከሩም ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሟሙተው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ሊቁ ራሱ ወደ እንስሳው መውረድ ግድ ሆነበት። በ1934 ዊልያም ቢቢና ኦቲስ ባርተን በቤርሙዳ አጠገብ፤ በገመድ በተንጠለጠለ የብረት ድብልብል ውስጥ ተቀምጠው፤ እስከ 923 ሜትር ወረዱ። በመስኮት አዩ እንጂ ያዩትን ሊይዙ አልቻሉም። በ1970ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ዊልያም ሃምነርና ተማሪዎቹ የሚተነፍሱትን አየር በጀርባቸው ተሸክመው በክፍት ውቅያኖስ ጠለቁ፤ እንስሳቱንም በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ከነውሃቸው ቀዷቸው። ጠላቂ ወደማይደርስበት ጥልቀት ደግሞ አልቪን የተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ወረደች። በ1978 ማዲንና ሃርቢሰን የተባሉ ሊቃውንት ከዚያ የተገኘውን አንድ እንስሳ ባቶሳይሮይ ፎስተሪ ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እንስሳውን ለያዘው ለመርከቢቱ ነጂ ለፎስተር መታሰቢያ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልስ አለን። በባሕር ወለል የሚኖሩ እንስሳት የሚበሉት ከላይ የሚወርደውን ነው። ሊቃውንት በማጠራቀሚያ ዕቃ ሲለኩት ግን የሚወርደው ምግብ ለእንስሳቱ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ሒሳቡ ጐደለ። በ2005 ብሩስ ሮቢሰንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ካሜራ የተገጠመለት ሰው አልባ መሣሪያ እያወረዱ ያገኙትን ምክንያት ገለጹ። ላርቫሺያን የተባለው ትንሽ እንስሳ ምግቡን የሚያጠልበት፤ ስፋቱ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ቤት ከልጋጉ ይሠራል። ቤቱ በተደፈነ ጊዜ ጥሎት ይሄዳል፤ ቤቱም በውስጡ የተጠራቀመውን ካርቦን ይዞ ወደ ወለሉ ይሰጥማል። የማጠራቀሚያው ዕቃ ይህን ያልመዘገበው ቤቱ ሲነካ ስለሚፈራርስ ነበር። እርሱ በተቈጠረ ጊዜ ከጐደለው ሒሳብ ብዙው ተሞላ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፤ አንድ ነገር በመዝገብ ባለመገኘቱ የለም ለማለት አንቸኵል። አስቀድሞ መመርመር የሚገባው መዝገቡ የተሞላበት መሣሪያ ነው።