ከመድረኩ በስተጀርባ የቆመው መታሰቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዴንቨርና በኦሮራ ወሰን ላይ በሚገኘው በሎውሪ ሰፈር፣ የአንድ አዛውንት ወገናችንን ተዝካር ለማውጣት ተሰብስበን ነበር። ሎውሪ እ.ኤ.አ. እስከ 1994 የአሜሪካ አየር ኃይል የጦር ሰፈር ነበር፤ ዛሬ የመኖሪያ መንደር ሆኗል። ከጸሎቱና ከማዕዱ በኋላ የሟቹ ልጆች ያሰናዱት የፎቶግራፍ ስብስብ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ማጀቢያው የሀገራችን ሰው በጅምላ «ክላሲካል» የሚለው፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ነበር። ወዲያው አወቅሁት፤ ግሪክ ተወላጁ ያኒ ታጅ ማሃልን ከጀርባው አድርጎ ካሰማው ኮንሰርት የተቀዳ ነበር።

ዜማው ከፍ እያለ ሲሄድ ሹሩባ የተሠራች አንዲት ወጣት በስክሪኑ ላይ ታየች፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይታም አለፈች። ማን እንደሆነች የተናገረ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡትን የሟቹን እኅት፣ «እትዬ፣ ይህች ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የልጅነት ሚስቱ ናት፣ ዶክተር። ሁለት ቀን አምጣ ሞተች። ልጁም አልተረፈ» አሉኝ።

በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ በሐሳቤ የሚመላለሰው የሙዚቃውና የዚያች ሴት መገጣጠም ነበር። ሌላው ሰው ባያስተውለውም፣ ሙዚቃው የተቀዳበት ሕንፃ ራሱ በወሊድ ለሞተች ሴት የቆመ መታሰቢያ ነውና።

ያኒ እንደ እኛው ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በካላማታ ከተማ ተወልዶ በ1972 ለትምህርት ወደ ሚኒሶታ መጣ፤ በዚያም ሥነ ልቦና ተማረ። በመስከረም 1993 ወደ ትውልድ ሀገሩ ተመልሶ፣ በአቴና አክሮፖሊስ ግርጌ በሚገኘው የሄሮድስ አቲከስ ቲያትር ውስጥ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኮንሰርት ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ። ወላጆቹ ከታዳሚው መካከል ነበሩ፤ ከዜማዎቹም አንዱ በእናቱ ስም «ፌሊትሳ» ተብሎ የተሰየመ ነው። ኮንሰርቱ በ1994 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ከተሰራጨ በኋላ ዝናው በዓለም ናኘ። በ1997 ደግሞ በመጋቢት በሕንድ ታጅ ማሃል፣ በግንቦት በቤጂንግ «የተከለከለችው ከተማ» ተመሳሳይ ዝግጅት አቀረበ፤ ከሁለቱም ቦታዎች የተቀዳው ሥራ በዚያው ዓመት «ትሪቢዩት» ማለትም «መታሰቢያ» በሚል ስም ወጣ።

ስሙ ከሕንፃው ታሪክ ጋር የሚስማማ ነው። የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ሚስት ሙምታዝ ማሃል፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1631 ቡርሃንፑር በተባለ ቦታ፣ ባሏ በዘመቻ ላይ ሳለ ዐሥራ አራተኛ ልጇን ወልዳ ሞተች። ምጡ ሠላሳ ሰዓት ያህል እንደ ቆየ ይነገራል። ብዙ ጊዜ የወለደችና በረጅም ምጥ የደከመች ሴት ማኅፀን ከወሊድ በኋላ በሚገባ መኮማተር ሊያቅተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ደም ሳያቋርጥ ይፈስሳል። የሙምታዝን ሞት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ይገምቱታል። ባሏ በዓመቱ በአግራ ሥራውን አስጀምሮ፣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ግቢው በሙሉ ተጠናቀቀ። በመቃብሯ ላይ ስሟና የሞተችበት ዓመት ተቀርጿል፤ ምን እንደ ገደላት ግን አልተጻፈም።

የአቴናው ቲያትር ታሪክ ከዚህም የከፋ ነው። ባለጸጋው ሄሮድስ አቲከስ ከ161 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያሠራው ለሟች ሚስቱ ለሬጂላ መታሰቢያ ነው። ሬጂላ የሞተችው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነበር። ሄሮድስ ባሪያ የነበረውን ሰውየውን አዝዞ አስመትቷታል በማለት ወንድሟ በሮም ከሰሰው፤ እርሱ ግን በነፃ ተለቀቀ። ከዚያም ሐዘኑን ለሕዝብ ለማሳየት ቲያትሩን በዝግባ ጣራ አስከደነ። ዛሬ አምስት ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ይህ ቦታ በውበቱ ይደነቃል፤ የሬጂላን ክስ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

እነዚህን ሁለት ኮንሰርቶች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ ሙዚቀኛውንም አልወቅስም። የምለው ስለ እኛ ስለ አድማጮቹ ነው። ቃል የሌለው ዜማ በውብ ድንጋይ ፊት ሲሰማ ሐዘኑን ያስውበዋል፤ ስለ ሟቿ ግን ምንም አይነግረንም። የሀገራችን አልቃሽ እንዲህ አታደርግም ነበር። ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በስሙ ትጠራለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደ ወሰደውም ትናገራለች።

ቃል የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ዝም ይላል ማለቴም አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን በጀርመን አስቀርጸው ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት አዋሉት። ከ1984 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 2023 ድረስም በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ። በታላላቅ ሐውልቶች ፊት መድረክ አልዘረጉም፤ ይልቁንም ለፒያኖ ድርሰቶቻቸው የጎልጎታን፣ የጌቴሴማኒን፣ የዮርዳኖስን ስም ሰጡ። አንዱንም «የእናት ፍቅር» አሉት። ጣታቸው ያለ ቃል ቢናገርም፣ ስለ ምን እንደሚናገር ለአድማጩ አስቀድመው ገልጸዋል።

እኛም ለመሰየም የሚበቃ ምክንያት አለን። በ2000 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ለ100,000 በሕይወት ለሚወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሙምታዝን እንደ ገደላት በሚገመተው ደም መፍሰስ የሞቱ ናቸው። ለእርሷ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም፤ ለእኛ ዘመን ግን አለው። ወላድን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሕዝባችን አደጋውን ጠንቅቆ ያውቃል። ያልተማሩትን ግን ከቀብር በኋላ በስማቸው አንጠራቸውም።

በዓመቱ በሙት ዓመቱ እንደገና ተሰበሰብን። ልጆቹ ያችን ፎቶግራፍ ለብቻዋ አስቀምጠው፣ ከሥሯ ስሟን ጽፈው ነበር፤ እኔ እስክጠይቅ ድረስ ስሟን ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። የክርስትና ስሟን የሚያስታውሱት እትዬ ብቻ ነበሩ። ቄሱ ለጸሎት ሲቆሙ ጠጋ ብለው ነገሯቸው፤ እርሳቸውም ከባሏ ስም ጋር አብረው ጠሩት።