ጣይቱ ሆቴል

በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኝ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የሚባልና ምሥረታው ከ1898 ዓ.ም. የሚቆጠር፣ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ፈቃድ የታነጸ ሕንፃ ነው። እንግዳን በነፃ ማስተናገድ ክብር፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ግን ነውር ሆኖ በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ ሕዝቡ ከፍሎ መብላትን ይለምድ ዘንድ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው እንደ ተመገቡና ሒሳቡንም እንደ ከፈሉ በትውፊት ይነገራል፤ ነገሩ ተጋኖ ቢሆን እንኳ ከንጉሡ ጠባይ የራቀ አይደለም።

የዚህ ቤት ግርማ ከሰፊው የእንጨት በረንዳው፣ ከረጅሙ ጣሪያውና ሲረግጡት ከሚንቋቋው የእንጨት ደረጃው የመነጨ ነው። የቆላ ሰው በረንዳን ከፀሐይ መሸሸጊያ አድርጎ ያውቀዋል፤ በአዲስ አበባ ደጋ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁበት ነው። አግዳሚ ወንበርና ብርሌ ብቻ ለሚያውቀው የጠጅ ቤት ደንበኛ ይህ ሁሉ የሆቴል ወግ እንግዳ ነበረ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት የሕንፃውን ከፊል ሲያወድም በውስጡ የነበረውን ጃዝ አምባ የተባለ የሙዚቃ ቤትም በላው፤ ሆቴሉ ከዚያ በኋላ ታድሶ እንግዶችን መቀበሉን ቀጥሏል።