ግራ እጅ ከሀ ሁ ሲጀምር

ተኩስ የእጅ ተሰጥኦ ነው ለሚለኝ ሰው ሁሌም የማነሳለት የሃንጋሪውን ወታደር የካሮይ ታካችን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ የፈነዳ የእጅ ቦምብ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን አሳጣው። ከሆስፒታል ሲወጣ ለማንም ሳይናገር ሽጉጡን በግራው ይዞ ከሀ ሁ ጀመረ።

ጀማሪ ዒላማ የሚስተው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ደክሞ አይደለም። ድምፁንና ግፊቱን ቀድሞ ስለሚፈራ ምላጩን በድንገት ይስባል፤ አፈሙዙም ይዘነበላል። መድኃኒቱ ዓይንን የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ አሳርፎ ምላጩን ቀስ ብሎ ቀጥታ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ታካች ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግራ እጁ ግን አያውቅም። እጅ የሚማረው በመደጋገም ብቻ ነው።

በ1939 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት ቀሩ። በ1948 ግን ለንደን ላይ፣ በ38 ዓመቱ፣ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ከ600 ነጥብ 580 አምጥቶ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው።

ሥራ ወይም አገር ለውጣችሁ እንደገና ከሀ ሁ የጀመራችሁ የድሮ ጓደኞቼ፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መምህራኖቻችን ደግሞ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲስት «አይችልም» ከማለታችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደተለማመደ ጠይቁልኝ።